ሁለት እጥፍ ሲርቅ

ተማሪዎቼ በየዓመቱ ያንኑ ስህተት ይሳሳታሉ። «ከፀሐይ ያለን ርቀት ሁለት እጥፍ ቢሆን የሚደርሰን ብርሃን ስንት ይሆናል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ግማሽ!» ይላል። ከመቀሌ የመጣውም፣ ከጅማ የመጣችውም፣ እዚሁ ሀዋሳ ተወልዶ ያደገውም «ግማሽ!»። በሌላ በምንም የማይስማሙ ልጆች በዚህ ይስማማሉ። እኔም «አይ የናንተ ነገር!» ብዬ ጠመኔዬን አነሳለሁ።

ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ያን ሁሉ ዘመን ለአንድ ጥያቄ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲሰማ የኖረ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። ብርሃን ከፀሐይ ወጥቶ በሄደ ቁጥር እየተበተነ ነው የሚሄደው። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ያው ብርሃን ወደ ጎንም ሁለት እጥፍ፣ ወደ ላይም ሁለት እጥፍ ይዘረጋል። ስለዚህ የሚደርሰን ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው። ሦስት እጥፍ ከራቅን ደግሞ ከዘጠኝ አንድ እጅ። «ለአንድ ዳቦ የያዛችሁትን ማርማላታ አራት ዳቦ ላይ ቀቡት» እላቸዋለሁ። ዳቦ ሲባል ይገባቸዋል፤ የካፌ ምግብ የሚበሉ ልጆች ናቸው።

በዳቦም ያልገባው ካለ ሐይቅ ዳር እወስዳቸዋለሁ። አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዘን ሄደን የእግረኛው መንገድ መነሻ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ፀሐይ እሱ ነው። አንድ ዓመት መኪና አጣቢዎች የተረሳ መስሏቸው ወሰዱት፤ ስንመለስ ፀሐያችንን ውሃ ሞልተው አገኘናት። ከጀሪካኑ አሥር እርምጃ እራመድና አንዷን ተማሪ «አንቺ ምድር ነሽ» ብዬ አቆማታለሁ። አራተኛው እርምጃ ላይ ሜርኩሪ፣ ሰባተኛው ላይ ቬነስ ይቆማሉ። ማርስ አሥራ አምስተኛው ላይ ነው። ምድርን የሚያልፋት በአምስት እርምጃ ብቻ ነው፤ የሚደርሰው ብርሃን ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። ሃምሳ ሁለተኛው ላይ ጁፒተር ይቆማል፤ እዚያ የሚደርሰው እኛ ከምናገኘው ከሃያ ሰባት አንድ እጅ ነው። ሳተርን ዘጠና አምስት እርምጃ ይርቃል፤ ለሱ የሚደርሰው ከዘጠና እጅ አንዱ ነው። ከሱ ወዲያ ላሉት ለሁለቱ፣ ለዩራነስና ለኔፕቱን፣ የሚሆኑ ልጆች ሩቅ ስለሚላኩ ሁልጊዜ ያኮርፋሉ፤ መንገድ ላይ አሳ ሾርባ ቤት ገብተው የቀሩም አሉ።

ይህን ሁሉ የማወራው አዋቂነቴን ላሳይ ብዬ አይደለም። የሚቀጥለውን ስታነቡ «ምስኪን፣ አያውቅም ነበር» እንዳትሉኝ ነው። አውቅ ነበር።

ልጃችን የተወለደችው ይህን ትምህርት ሐይቅ ዳር በሰጠሁ በሦስተኛው ቀን ነው። የምንኖረው አዲስ ከተማ በሚባለው የሀዋሳ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ካለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ባለቤቴ ያኔ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። አማቴ አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ከአለታ ወንዶ መጡ፤ እንደገቡም መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መጋረጃ መዝጋት ነበር። አራስና ጨቅላን ፀሐይ እንዳያገኛቸው፣ ምች እንዳይመታቸው፣ ሰው አፍጥጦ እንዳያያቸው። ጠንካራ ጴንጤ ናቸው፤ «እኔ በዓይን አላምንም» ይላሉ፤ «ግን ለምን ሰው ያያታል?»። መጋረጃችን ብርቱካናማ ነበር። በዚያ ብርቱካናማ ጨለማ ውስጥ ሁላችንም ቢጫ ነበርን፤ እኔም፣ ግድግዳውም፣ ጨቅላዋም።

በሦስተኛው ቀን የስልኬ ቻርጀር ጠፍቶብኝ መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ዞር ስል ልጄን አየኋት። ፊቷ፣ አንገቷ፣ የዓይኗ ነጭ ሳይቀር ቢጫ ነበር።

«የጠዋት ፀሐይ ካገኘች ይለቃታል» አሉ አማቴ። በነጋታው ጠዋት በረንዳ ላይ ይዘናት ወጣን፤ ግን ብርድ እንዳይነካት በሦስት ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ኮፍያ ተደርጎላት፣ ፊቷ ላይ ሻሽ ጣል ተደርጎባት ነበር። «እማዬ፣ አሁን ፀሐይ እየሞቀ ያለው ልብሷ ነው እኮ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሚሳቅ ጊዜ እንዳልነበረ ያወቅነው ከሰዓት በኋላ ጡት አልይዝ ስትል ነው፤ ያኔ ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድናት።

ዶክተሯ ደሟን አስመርምራ ወደኛ መጣች። ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «ቢጫው ነገር ደሟ ውስጥ እየጨመረ ነው» አለችን። «በሰማያዊው መብራት እናወርደዋለን። ካልወረደ ወደ ጭንቅላቷ ይገባል። ከገባ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ጆሮዋን ነው። የጎዳውን ደግሞ አንመልሰውም።» ባለቤቴ እጄን ያዘች። እኔ እንደ ተማሪ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጨቅላዋን ከዳይፐርና ዓይኗን ከሸፈነው ጨርቅ በስተቀር ራቁቷን አስተኟት። መብራቱ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ፣ አምፖሎቹ ሰማያዊ፣ አንገቱ በብሎን የሚጠብቅ ነበር። ነርሷ መዳፏን ዘርግታ ከልጄ ሆድ እስከ አምፖሎቹ ለካች። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። «ከዚህ ከፍ እንዳይል፣ ዝቅም እንዳይል» አለችን። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዓይኔም አይቻለሁ።

አማቴ ያን መብራት ገና ሲያዩት ጠሉት። «አሁን ይሄ የአራት ቀን ልጅ የሚጠበስበት ነው?» አሉ። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቆመው ይጸልያሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ እጃቸውን መብራቱ ሥር ያስገቡና «እዩት፣ ይፋጃል!» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ሞቃት ነበር። የሀዋሳ ከሰዓት ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ የስድስት ጨቅላ እናቶች እዚያው ናቸው፣ መብራቶቹም የራሳቸውን ሙቀት ይጨምራሉ።

በሁለተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነርሶቹ ተረኛ ሲቀያየሩ ክፍሉ ውስጥ ሠራተኛ አልነበረም። አማቴ ምግብ ሊያሞቁ ወጥተዋል። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ልጄ ታለቅሳለች። ለቅሶ ስላችሁ እንደ ሌሎቹ ጨቅላዎች የሚጮህ አይደለም፤ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን፣ የሚለምን ድምፅ ነው። እግሯን ታወራጫለች፤ ቆዳዋ ቀልቷል፤ ግንባሯን ስነካው አቃጠለኝ። እሷን አቅፎ ማባበል አይቻልም፤ ከመብራቱ ማውጣት ክልክል ነው ተብሏል። ምን ላድርግ? ብሎኑን አላላሁና የመብራቱን አንገት አንድ ስንዝር ወደ ላይ ሳብሁት። ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ።

ትንሽ ቆይታ ዝም አለች።

ያኔ የተሰማኝን ብናገር ታፍሩብኛላችሁ፤ እኔም አፍራለሁ፤ ግን ልናገረው። ደስ አለኝ። አባት ሆኜ ለልጄ የሠራሁላት የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነበር። አለቀሰች፣ አባቷ ደረሰላት፣ ዝም አለች። ጎኗ ቆሜ ትንሽ አየኋትና ሦስተኛ ዓመቶችን ላስተምር ወጣሁ።

ሦስት ሲካፈል ለሁለት አንድ ተኩል ነው። አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ማለት ከጀሪካኑ አሥራ አምስት እርምጃ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ማርስን አቁሜ «አየህ፣ ትንሽ ነው የራቅኸው፣ ግን ከግማሽ በላዩን አጥተኸዋል» ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። መብራቱን ስስብ ይሄ አንዱም አልመጣልኝም። ፊዚክስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቀረ ነገር ነበር፤ እዚህ ያለው ለቅሶና ሙቀት ብቻ ነው።

በነጋታው ጠዋት ስመለስ ዶክተሯ ልጄ ላይ አጎንብሳ ነበር። የደሙ ውጤት በእጇ ነው። መውረድ ሲገባው ጨምሯል። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ዝም ያለችው?» ብላ ጠየቀችን።

«ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ» አልኩ። «ጥሩ እየተኛች ነው።»

«ይሄ እንቅልፍ አይደለም» አለች። ቀና ስትል መብራቱን አየችው። መዳፏን ዘርግታ ለካች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «አራት ስንዝር! ማነው ይሄን መብራት እዚህ የሰቀለው?»

ባለቤቴ ሻሿን ፈታ መልሳ ታስራለች። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዶክተሯ ወደ ተረኛዋ ነርስ ዞረች፤ ልጅት ገና ጀማሪ ናት፤ «እኔ ስገባ እንደዚህ ነበር ዶክተር፣ በእግዚአብሔር እኔ አልነካሁትም» አለች። ያም ሆኖ ከቁጣ አላመለጠችም፤ ዶክተሯ በሰው ፊት ጮኸችባት። ነርሷ አለቀሰች። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ተማሪ ሲኮርጅ ባገኝ የማላስተርፍ፣ «እውነት ከሌለህ ሳይንስ ምን ያደርግልሃል!» እያልኩ የምጮህ ሰውዬ፣ አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። አራት ፊደል ናት።

መብራቱ ዝቅ ተደረገ፤ ሌላም መብራት ከጎን መጣ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ቢጫው ወረደ። ደም መቀየር ሳያስፈልግ ቀረ። «ተርፋለች» ተባልን። ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ ባጃጅ ውስጥ እየዘመሩ ነበር፤ ሹፌሩም አብሮ ዘመረ። እኔም አለቀ ብዬ አመንኩ። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩ።

ምስጋና ልናቀርብ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የነሱ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንደምታውቁት ነው፤ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ከሰው የሚበልጡት ስፒከሮች። ቦታ ስለጠፋ ባለቤቴ ስፒከሩ ሥር ተቀመጠች። አግዳሚው ይንቀጠቀጣል። ልጄ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ሴቶቹ እየመጡ አዩአት። «እንዴት ያለች የተባረከች ልጅ ናት! ሰላም ያላት!» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እዚያው ስፒከሩ ሥር ተኛች፤ በየሳምንቱም ተመሰገነች። አማቴ ለዘመድ ሁሉ በስልክ ያወሩ ነበር፤ በመዝሙር መሃል የምትተኛ ልጅ እንዳለችን። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

ያወቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ጠዋት ሊጠይቁን መጡ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የላስቲክ ክዳን ትጫወታለች። ከኋላዋ ገብተው በስሟ ጠሯት። ደገሙ። አጨበጨቡ። ከዚያ የብረት ድስት አንስተው ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት። ከሌላው ክፍል እኔ ዘልዬ ወጣሁ፤ ልጄ ክዳኗን እያገላበጠች ነው። አማቴ ለልጃቸው በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ከሌላ አካባቢ የመጣሁ ነኝ፤ ሲዳምኛ ብዙም አልሰማም፤ ባለቤቴ ግን መሬት ላይ ተቀመጠች።

አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርናት። ራሷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው፣ አስተኝተው፣ ረጅም ሰዓት ፈጀባቸው። ሐኪሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወረቀቱን ሳያዩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። «ስትወለድ ቢጫ ሆና ነበር?»

«ትንሽ» አልኩ። «ትንሽ» አለች ባለቤቴም፣ ከኔ እኩል። አልተያየንም።

«አትሰማም» አሉን። «ይቅርታ፣ የኔ ልጆች። ይሄ የሚመለስ አይደለም።» ወደ ሀዋሳ ስንመለስ ልጃችን መንገዱን ሁሉ በመስኮት በሬና ግመል እየጠቆመች ትስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሒሳብ ዓመታት ናቸው። ሰው ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ እኔ አሰላሁት። መብራቱ እንደ ፀሐይ ከሩቅ የሚታይ ነጥብ አይደለም፣ ረጃጅም አምፖሎች ናቸው፣ ስለዚህ ብርሃኑ ልክ በሕጉ መሠረት አይቀንስም፤ ምናልባት ከግማሽ በላይ ቀርቶ ይሆናል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ «ቢሆንስ?» እላለሁ። ሌላም የማይገባኝ ነገር ነበር። እኔ የሳብሁት አንድ ስንዝር ነው፣ ሁለቱ ሦስት ሊሆን ይገባ ነበር፤ ዶክተሯ የለካችው አራት ነው። አንዷ ስንዝር ከየት መጣች? የዶክተሯ እጅ ትንሽ ስለሆነ ይሆናል አልኩ። እጄ ደንግጦ የሳበ ይሆናል አልኩ። ብሎኑ ላልቶ ነው እንዳልል፣ የላላ ነገር ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። በመጨረሻ ሁለቱንም ለራሴ ቆጠርኳቸው። ሁለት የነበረው አራት ሆነ፣ ሁለት እጥፍ፤ የደረሳት ሩብ። ከፀሐይ እስከኛ ያለው ርቀት ሁለት እጥፍ በሚሆንበት ቦታ ላይ ፕላኔት የለም፤ ማርስና ጁፒተር መሃል ነው፣ ድንጋይ ብቻ ነው የሚዞረው። ልጄን እዚያ ወስጄ ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ብነግራት የምታየኝ አስተያየት አስፈራኝ።

አሁን ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተ ክፍል ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆችም የምልክት ቋንቋ እንማራለን። እሷ በሳምንት የምትለምደውን እኛ በሦስት ወር አንለምደውም። ባለቤቴ ትሻላለች፤ የኔ ጣቶች እንጨት ናቸው። ውሃ፣ ዳቦ፣ ነይ፣ ተኚ፣ ጎበዝ፣ ያመኛል፣ ነገ። ከዚህ ብዙም አናልፍም። ልጄ ትምህርት ቤት የዋለችውን በሁለት እጇ እንደ ጎርፍ ስታወራልኝ እኔ የማነሳው አንድ ሁለት ቃል ነው፤ ሌላው ያልፈኛል። ታዲያ አንዳንዴ ትተወኛለች፤ «ይሄ ሰውዬ አይገባውም» በሚል ዓይን አይታኝ ወደ እናቷ ትዞራለች።

በዚህ ዓመት ተማሪዎቹን ሐይቅ ዳር ስወስድ ባለቤቴ ሥራ አልነበራትምና ልጅቷን ይዛ መጣች። ከዚያ በፊት ሳስተምር አይታኝ አታውቅም። ጀሪካኑ ተቀመጠ፣ እርምጃው ተቆጠረ። ጥያቄዬን ጠየቅሁ፤ «ግማሽ!» አሉ። «አይ የናንተ ነገር! ሩብ ነው፣ ሩብ! ሁለት እጥፍ ስትርቁ ሩብ ብቻ ነው የሚደርሳችሁ!» ብዬ ጮህሁ። ባለቤቴን ስፈልጋት ምድር ከሆነችው ተማሪ አጠገብ ቆማ ትሰማለች።

ለማጠቃለያ ሁሉንም ሦስት መቶኛው እርምጃ ላይ፣ ኔፕቱን ጋ ሰበሰብኳቸው። እዚያ የሚደርሰው ብርሃን ከዘጠኝ መቶ አንድ እጅ ነው ስላቸው ድቅድቅ ጨለማ ይመስላቸዋል። አይደለም። የኔፕቱን እኩለ ቀን እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ ከጠለቀች ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ ያለውን ያህል ብርሃን አለው። እሱን ላሳያቸው ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ እስክትገባ ጠበቅን። ገባች። ጀልባዎቹ ጠቆሩ። «ይኸውላችሁ፣ ኔፕቱን ላይ ቀትር ነው፤ ደብተራችሁን አውጡ፣ ይነበባል» አልኳቸው። አወጡ፣ አነበቡ፣ ተገረሙ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተበተኑ።

ሦስታችን ቀረን። ልጃችን ትንሽ ራቅ ብላ ውሃው ዳር ጠጠር ትለቅማለች። ባለቤቴ ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ከሁለት ወደ ሦስት ቢሆንስ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ርቀቱ። ሁለት የነበረው ሦስት ቢሆን፣ ስንት ይቀራል?»

ሆስፒታል ውስጥ የተነገረው ቁጥር አራት ነው። ሦስት የሚለውን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ከግማሽ ያነሰ» አልኳት።

«ሦስት የነበረው አራት ሲሆንስ?»

«ከመጀመሪያው ሩቡ ብቻ ይቀራል።»

ወደ ውሃው እያየች ተናገረች። «የመጀመሪያዋ ስንዝር ያንተ ናት። ሁለተኛዋ የኔ ናት።»

«አንቺ ተኝተሽ ነበር» አልኳት።

«አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እንደዚያ ስታለቅስ ማየት አቅቶኝ ነው። ብሎኑን ስትፈታ ሰማሁህ፤ ዓይኔን ገልጬ አየሁህ። ከፍ አደረግኸው፣ ዝም አለች። አንተ ከሄድክ በኋላ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅዋ አነስ ብሎ። እኔም ተነስቼ ጨመርኩበት።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ፈርቼ ነበር እኮ። እነሱ አትንኩ ብለዋል። ግን እሱ ፊዚክስ አይደል የሚያስተምረው፣ ስለ ብርሃን ያውቃል፣ አደጋ ቢኖረው አይነካውም ነበር አልኩ። አንተን አይቼ ነው የጨመርኩት።»

አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ስንዝር ለራሴ ቆጥሬያለሁ፤ አንዷ የሷ ናት ስባል ሸክሜ የሚቀልልኝ ይመስላችኋል? ሁለተኛዋም የኔ መሆኗን ነው የነገረችኝ። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ሰው በሚያልፍበት አግዳሚ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅን። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንተስ?» አለችኝ።

ለቅሷችንን ልጃችን አልሰማችውም። ጠጠሯን ልታሳየን ዞር ስትል ግን አየችን። ሮጣ መጥታ ፊታችን ቆመች፤ ጠጠሮቹን መሬት ላይ ለቀቀቻቸው፤ እጆቿ ባዶ መሆን ነበረባቸው፣ ልትናገር ነው። ብርሃኑ ትንሽ ነው የቀረው፤ ጣቶቿን ለማየት ግን በቅቷል። ምን ሆናችሁ? አለችን።

እናቷን አየኋት፤ እሷም እኔን አየችኝ። መብራት የሚለውን ምልክት አናውቅም። ስንዝርን፣ ብሎንን፣ ሆስፒታልን አናውቅም። ሳዘንልሽ ነው የጎዳሁሽ የሚለውን በየትኛው ቅዳሜ ይማሩታል? ባለቤቴ ፊቷን ጠርጋ እጇን አነሳች፤ ምንም፣ አለቻት። ምንም የሚለውን እናውቀዋለን። እኔም እጄን አንስቼ፣ ምንም፣ አልኳት።

ልጄ የእናቷን ፊት አየች፣ የኔን ፊት አየች፣ ከዚያ እንዳልገባን መስሏት ጥያቄውን ቀስ አድርጋ ደገመችልን።